ብሪታንያን በመጠጥ ቤት ማዳረስ

በማንቸስተር ደቡብ፣ ቾርልተን በሚባለው ሰፈር፣ ሴጅ ሊን የሚባል መጠጥ ቤት አለ። በ1907 ሲሠራ ግን (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታሰበው ሰውን ከመጠጥ ለማራቅ ነበር። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ የፋብሪካ ከተሞች መጠጥን የሚቃወም ብርቱ እንቅስቃሴ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ የሰነበተ ሠራተኛ ደመወዙን በተቀበለባት ማታ መጠጥ ቤት አራግፎት ይወጣል፤ ሚስትና ልጆች ጦማቸውን ያድራሉ። ተቃዋሚዎቹ ውለው አድረው አንድ ነገር ገባቸው። «አትጠጣ» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም፤ ሰው ከሥራ ሲወጣ አረፍ የሚልበት፣ ከጓደኛው ጋር የሚጫወትበት ቤት ያስፈልገዋል። ስለዚህ አልኮል የማይሸጥበት የቢሊያርድ አዳራሽ ሠሩለት። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ዛሬ በዚያው አዳራሽ ቢራ ይቀዳል።

እኔ የገባሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ጣሪያው ግማሽ ክብ ሠርቶ ከፍ ብሏል፤ መንገዱን የሚያየው ትልቁ መስኮት ብርሃኑን ጠረጴዛው ላይ ያፈሰዋል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጽሑፍ ቆሜ ሳነብ አይተው፣ «አያቴ እዚህ ይጫወት ነበር። ሻይ እየጠጣ» አሉኝ። ቀጥለውም ስለ አያታቸው አወሩኝ፤ ስለ ጥጥ ንግዱ፣ ስለ ጦርነቱ፣ ሰፈሩ እንዴት እንደተለወጠ። ከዚያ በፊት ማንቸስተርን የማውቃት በሁለት የእግር ኳስ ክለቦቿ ብቻ ነበር።

ቾርልተን ድረስ የወሰደኝ ዝርዝር ነው። ሴጅ ሊን ዌዘርስፑን የሚባለው ድርጅት ከሚያስተዳድራቸው መጠጥ ቤቶች፣ በአገሬው አጠራር ፐቦች፣ አንዱ ነው፤ ሕዝቡ በአጭሩ «ስፑንስ» ይላቸዋል። በመላው ብሪታንያና በአየርላንድ ተበትነው የሚገኙት የድርጅቱ ፐቦች ስምንት መቶ ያህል ናቸው። እኔም ሁሉንም ለማዳረስ ተነሥቻለሁ።

የድርጅቱ ታሪክ የሚጀምረው በሰሜን ለንደን ነው። ቲም ማርቲን የሚባል፣ ሕግ የተማረ ወጣት በ1979 መጨረሻ መስዌል ሂል አካባቢ አንዲት ትንሽ መጠጥ ቤት ከፈተ። በ1980 ስሟን ቀይሮ ዌዘርስፑን አላት። ይህ በልጅነቱ ኒውዚላንድ ያስተማረው የአንድ መምህር ስም ነው፤ መምህሩ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት የሚያቅተው ሰው ነበር ይባላል። ከፊቱ ያሉት ሁለት ፊደላት፣ ጄ እና ዲ፣ ማርቲን በቴሌቪዥን ከሚያየው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ገጸ ባሕርይ የመጡ ናቸው። በ1992 ድርጅቱ አክሲዮኑን በለንደን ገበያ ሸጠና ከለንደን ወጥቶ አገሩን ሞላው።

ዘመኑም ረድቶታል። ከዚያ በፊት የብሪታንያ ፐብ በአብዛኛው የቢራ ጠማቂዎች ንብረት ነበር፤ ቤቱን የያዘው ሰው የጌታውን ቢራ እንጂ የሌላውን መሸጥ አይችልም። በ1989 መንግሥት ትልልቆቹ ጠማቂዎች ይህን ማሰሪያ እንዲያላሉ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። ጠማቂዎቹ በሺህ የሚቆጠሩ ፐቦችን ሸጡ፤ ከማንም ጠማቂ ገዝቶ በርካሽ የሚሸጥ ነጋዴም መንገዱ ተከፈተለት። በአብዛኞቹ የስፑንስ ቤቶች ሙዚቃ አለመኖሩ ግን የመነጨው ከሌላ ቦታ ነው። ጸሐፊው ጆርጅ ኦርዌል በ1946 በአንድ የለንደን ጋዜጣ ላይ የልቡን ፐብ ሥሎ ነበር፤ ሬዲዮም ፒያኖም የሌለበት፣ ሰው እንደልቡ የሚጨዋወትበት ቤት። ኦርዌል ያንን የምናብ ፐብ «ሙን አንደር ዋተር» ብሎት ነበርና ዌዘርስፑን በዚህ ስም በርካታ ቤቶች ከፍቷል። ማንቸስተር መሐል ዲንስጌት ላይ ያለው አንዱ ነው፤ እሱም የቀድሞ ሲኒማ ቤት ነው።

ለመሆኑ አንድ አበሻ ምን ቆርጦት የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ይቆጥራል? ብዙ ወዳጆቼ ጠይቀውኛል፤ አንዳንዶቹም ደንግጠው። መልሴ ስለ ኑሯችን ነው። ለንደን ውስጥ ብዙ ዓመት የኖርን ሰዎች የምናውቃት ብሪታንያ አንዲት መሥመር ናት፤ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰርግና ለቅሶ ሲኖር ሌላ አዳራሽ። ዜግነቱን ወስደን፣ ግብር ከፍለን፣ ልጆች አስተምረን፣ ከዋና ከተማው ውጭ ያለውን አገር በአውሮፕላን መስኮት ካልሆነ ሳናየው እናረጃለን። ለሽርሽር የምንሄደው አዲስ አበባ ነው፤ የሚተርፈን ገንዘብም እዚያው ይቀራል። ብላክበርን ወይም ግሪምስቢ ለመሄድ ምን ምክንያት አለን? ዘመድ የለን፣ ጉዳይ የለን። ዝርዝሩ ምክንያት ሰጠኝ። ያለዚያ የማልወርድባቸው ባቡር ጣቢያዎች ላይ አወረደኝ።

ለራሴ ያወጣሁት ሕግ ቀላል ነው። ገብቶ መውጣት አይቆጠርም። አንድ ነገር መቅመስ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የሰፈሩን ታሪክ ማንበብ፣ ከተቻለ ከሰው ጋር ሁለት ቃል መለዋወጥ። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ እንቁላልና ሥጋ የሌለበት ቁርስ አዛለሁ። ቡናው ከማሽን ነው፤ አንዴ ከከፈሉ የፈለጉትን ያህል እየደጋገሙ መቅዳት ይቻላል። የኛን ቡና አያህልም፤ ነገር ግን ከዝናብ ለገባ ሰው ሙቀቱ በቂ ነው።

ይህን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። አንዲት ስኮትላንዳዊት በ1994 ጀምራ ከሃያ ዓመት በላይ አዳርሳቸዋለች። ብሪታንያ የእንዲህ ዓይነት ሰዎች አገር ናት። ሰር ሂዩ መንሮ በ1891 የስኮትላንድን ከሦስት ሺህ ጫማ በላይ የሆኑ ተራሮች መዝግቦ ካወጣ ወዲህ፣ ዛሬ 282 የሆኑትን ጫፎች አንድ በአንድ መውጣት የብዙ ሰው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆኗል። በእንግሊዝ አራቱ ከፍተኛ የእግር ኳስ ሊጎች ውስጥ ያሉትን የ92 ክለቦች ስታዲየም ሁሉ የጎበኙ ሰዎችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። እነዚህን ሰዎች ድሮ ሥራ ፈቶች አድርጌ እገምት ነበር። አሁን ግን አገርን በደንብ ከሚያውቁት ውስጥ እመድባቸዋለሁ፤ ምክንያቱም ደስ ወዳላቸው ብቻ ሳይሆን ዝርዝሩ ወዳዘዛቸው ሁሉ ይሄዳሉ።

«ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም እንዴ?» የሚል ጥያቄ አይጠፋም። የምግብ ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ነው፤ እውነት ነው። ቤቶቹ ግን አይመሳሰሉም። ድርጅቱ ከመሠረት ከመሥራት ይልቅ አገልግሎታቸው ያበቃ ትልልቅ ሕንፃዎችን መግዛት ይመርጣል። ቴሌቪዥን ሲኒማ ቤቶቹን ባዶ አደረጋቸው፤ የባንኮች መዋሐድ የእብነ በረድ አዳራሾቹን ዘጋቸው፤ ፖስታ ቤቱም፣ መዋኛውም፣ ምእመን ያለቀበት ጸሎት ቤትም ተራቸውን ጠበቁ። ብዙዎቹ በቅርስነት የተመዘገቡ ስለሆኑ ማፍረስ አይፈቀድም፤ ለሱቅ አይመቹ፣ ለመኖሪያ አይሆኑ። ሰፊ አዳራሽ ለሚፈልግ ርካሽ መጠጥ ቤት ግን ልክ ናቸው።

ስለዚህ ኤድንብራ ጆርጅ ጎዳና ላይ ስታንዲንግ ኦርደር ውስጥ ሲቀመጡ የቀድሞ ባንክ ውስጥ ነው የሚቀመጡት፤ የገንዘብ ማከማቻው ክፍል ከነከባድ በሩ አሁንም አለ። በለንደን የንግድ ማእከል ያለው ክሮስ ኪስ የሆንግኮንግና ሻንጋይ ባንክ የነበረ ነው፤ ስሙ ደግሞ ከዚያ በፊት እዚያው አካባቢ ከነበረ የእንግዳ ማረፊያ የመጣ ሲሆን፣ በሼክስፒር ዘመን በግቢው ቲያትር ይታይ ነበር። ሊቨርፑል ስትሪት ባቡር ጣቢያ ያለው ሃሚልተን ሆል የትልቅ ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ነበር። በታንብሪጅ ዌልስ ያለው ኦፔራ ሃውስ በ1902 ለኦፔራ ተከፍቶ፣ ሲኒማ ሆኖ፣ የቢንጎ ቤት ሆኖ፣ ከ1996 ጀምሮ ፐብ ነው። መድረኩና ሰገነቱ አሉ፤ አልፎ አልፎ ቢራው ቆሞ ኦፔራ የሚዘፈንበት ቀን አለ። በራምስጌት የባሕር ዳርቻ ላይ በ2017 የተከፈተው ሮያል ቪክቶሪያ ፓቪሊየን ደግሞ ከሁሉም ትልቁ ነው። አገሬው ሲዝናናበት የኖረ፣ በኋላም ካዚኖ የሆነ፣ ከዚያ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ሕንፃ ነው። እዚያ ሰገነት ላይ ተቀምጬ ባሕሩን ሳይ ያሰብኩት ይህ ቤት ፐብ ባይሆን ምን ይሆን ነበር የሚለውን ነው። ተዘግቶ ጣሪያው ያፈስ ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው።

ምንጣፉን ካላነሣሁ ስፑንስን አየሁ ማለት አይቻልም። የእያንዳንዱ ቤት ምንጣፍ ለዚያ ቤት ብቻ ተሥሎ የሚሠራ ነው፤ ንድፉም ብዙ ጊዜ ከሕንፃው ወይም ከከተማው ታሪክ ይቀዳል። ኪት ኬለስ የሚባል ጸሐፊ በ2016 ስለነዚህ ምንጣፎች ብቻ መጽሐፍ አሳትሟል። እኔም ጎንበስ ብዬ ማየት ለምጃለሁ። ከባንኮኒው ፊት ለፊት ያለው ተረግጦ ተረግጦ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ደረጃ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ተለይቶ ይታያል፤ ጠረጴዛ ሥር ያለው ግን ትናንት የተዘረጋ ይመስላል። በዚህ ሰዎች የት የት እንደሚቆሙ፣ የትኛው ማእዘን እንደማይደፈር ማወቅ ይቻላል። ብሪታንያዊ ባንኮኒ ላይ ለመጠጥ ሲጠብቅ በመሥመር አይሰለፍም፤ ጎን ለጎን ይቆማል፤ ማን ቀድሞ እንደመጣ ግን ሁሉም ያውቃል። ምንጣፉ ላይ ያለው የደበዘዘ ቁራጭ ያ ሰልፍ ነው። አሁን በስልክ አፕ ከጠረጴዛ ላይ ሆኖ ማዘዝ ስለሚቻል ሰልፉ ሳስቷል።

ቢራውንም እዚህ ነው የተማርኩት። ብሪታንያውያን ከድራፍቱ ለይተው የሚኮሩበት፣ በእጅ ፓምፕ እየተሳበ የሚቀዳ ቢራ አላቸው። አይጣራም፣ በሙቀት አይታከምም፤ ከነእርሾው በርሜል ውስጥ ገብቶ መጠጥ ቤቱ ምድር ቤት እንደገና ይብላላል። የሚቀዳው ከ11 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ነው፤ በርሜሉ ከተከፈተ በኋላ በጥቂት ቀናት ካላለቀ ይሞታል። ለባዕድ ሰው ይህ ሁሉ ይገርመዋል፤ ጠላ ለሚያውቅ ግን አዲስ አይደለም። ጠላም ሕይወት ያለው ነው፤ ብቅሉ እዚያም አለ፤ ጌሾ የሚሠራውን ሥራ እዚህ ሆፕስ ይሠራዋል፤ ጋኑ ከተከፈተ ደግሞ ማንም ቢሆን አይጠብቅም። በ1960ዎቹ ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህን ቢራ ትተው በጋዝ ወደሚገፋው ሲዞሩ የተቆጡ ጠጪዎች በ1971 ካምራ የሚባል ማኅበር አቋቁመው አዳኑት። ስፑንስ ይህን ቢራ በየከተማው በርካሽ መሸጡ ለኔ ትልቅ ውለታው ነው። ከትንንሽ ጠማቂዎች ስለሚገዛም በየሄድኩበት የአካባቢውን ቢራ ግማሽ ፓይንት እቀምሳለሁ።

ብራድፎርድ የደረስኩት በዝናብ ነው። እዚያ ያለው ፐብ ሰር ታይተስ ሶልት ይባላል፤ ሕንፃው የቀድሞ የሕዝብ መዋኛ ነው። ሳህን የምትሰበስብ ልጅ ሁለት ጊዜ አልፋኝ በሦስተኛው ቆመች።

«ጋሼ፣ አበሻ ነዎት?»

«አዎ የኔ ልጅ። አንቺስ ከየት ነሽ?»

«ከደሴ ነኝ። ለሥራ ነው የመጡት?»

ይህን ቤት ለማየት ብቻ ከለንደን እንደመጣሁ ነገርኳት። ሳህኑን እንደያዘች አየችኝ። «ለንደን የለም እንዴ ስፑንስ?» አለች። አለ፤ ታይተስ ሶልት ግን ለንደን የለም አልኳት። ፈገግ አለችና፣ «እንግዲያው ሶልቴርን ሳያዩ እንዳይመለሱ። ባቡሩ ሩቅ አይደለም። እኔ ከጓደኞቼ ጋር ሄጃለሁ፤ ልክ እንደ ተሠራ ነው ያለው» አለችኝ። ስሙን ከግድግዳው አንብባ፣ በእረፍቷ ቀን ራሷ ሄዳ አይታዋለች። ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ ነው።

በማግሥቱ ሄድኩ። ታይተስ ሶልት በአልፓካ ጠጉር የበለጸገ የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ብራድፎርድ በጭስና በኮሌራ ስትታመስ ሠራተኞቹን ይዞ ከከተማ ወጣና በ1853 ወንዝ ዳር ግዙፍ ፋብሪካ ከፈተ፤ በዙሪያውም ከስምንት መቶ በላይ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ መታጠቢያ ቤት፣ ለአረጋውያን መጠለያ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠራ። ይህ መንደር ነው ሶልቴር፤ ዛሬ የዓለም ቅርስ ነው። መንደሩ ውስጥ እንዳይኖር የከለከለው ነገር መጠጥ ቤት ነበር። ስሙ ዛሬ ፐብ ላይ ተጽፎ ሲያዩት ግራ ያጋባል፤ ግን ያ ጽሑፍ ባይኖር እኔም ሆንኩ የደሴዋ ልጅ ሶልቴርን መቼ እንሰማ ነበር?

ባዝ ላይ የገጠመኝ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ የገባሁበት ኪንግ ኦፍ ዌሴክስ ይባላል፤ ስሙ በ973 ባዝ ላይ የእንግሊዝ ንጉሥ ሆኖ ዘውድ የጫነውን ኤድጋርን ያስታውሳል። ለዚያ ቀን የተዘጋጀው ሥርዓተ ንግሥ እስከ ዛሬ ለሚፈጸመው መሠረት ነው። ከፐቡ ወጥቼ ወደ ምዕራብ በኬልስተን መንገድ ሄድኩ፤ እዚያ ፌርፊልድ የሚባለው ቤት አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1936 በጄኔቫ ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት ካሉ በኋላ የስደት ዘመናቸውን እስከ 1940 ያሳለፉበት ነው። በ1958 ለከተማዋ ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ሰጡት። አንዱ ንጉሥ ዘውድ በጫነባት ከተማ ሌላው ዘውዱን በስደት ጠብቆ ኖረባት። ያን ቤት በልጅነቴ በታሪክ መጽሐፍ አውቀዋለሁ፤ ደጁ ላይ የቆምኩት ግን ዝርዝሩ ባዝ ስለወሰደኝ ነው።

በጠዋት ስፑንስ የገባ ሰው የሚያየው ሌላ ሕዝብ ነው። ከሌሊት ፈረቃ የወጡ ነርሶችና ሹፌሮች፣ ጋሪ የምትገፋ እናት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ብቻቸውን የተቀመጡ ሽማግሌዎች። ቤታቸውን ከማሞቅ እዚህ መምጣት ይሻላቸዋል። ጋዜጣቸውን ዘርግተው ቡናቸውን ይደጋግማሉ፤ ማንም ተነሡ አይላቸውም፤ ማንም ለምን ብቻችሁን መጣችሁ አይላቸውም። እኛ አገር ሽማግሌ ቢያንስ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ የሚያልፍ የሚያገድመው ሰላም ይለዋል። እዚህ ያ ደጃፍ የለም። የቾርልተን ቢሊያርድ ቤት የተሠራው ለዚህ ፍላጎት ነበር፤ መጠጥ አይሸጥበትም እንጂ።

ድርጅቱን መላእክት የሚያስተዳድሩት አድርጌ መጻፍ አልፈልግም። ዋጋውን ዝቅ ማድረጉ ከጎኑ ላለ በግል ለሚተዳደር ትንሽ ፐብ ከባድ ፈተና ነው፤ ብዙ ፐብ በሚዘጋበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ ሲባል «ትውጣ» የሚለው የመስራቹ አቋም በብርጭቆ ማስቀመጫ ወረቀት ላይ ታትሞ በየጠረጴዛው ተሰራጭቶ ነበር። በዚያ ሐሳብ አልስማማም፤ መጠጥ ቤት ሰዎች የሚከራከሩበት እንጂ ባለቤቱ የሚሰብክበት ሲሆን አይመቸኝም። ይህን ለባንኮኒ ጎረቤቶቼ ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ተከራክረን ተጨባብጠን ተለያይተናል።

ዝርዝሩ ግን አይረጋም። በ2015 አካባቢ ቤቶቹ ከ950 በላይ ደርሰው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሸጠዋል፣ በዚያውም አዲስ ይከፈታል። ከኢንቨርነስ ከአራት ሰዓት በላይ በባቡር ተጉዤ፣ ረግረጉንና የሰሜን ባሕርን ዳር ይዤ፣ ስኮትላንድ ጫፍ ዊክ የደረስኩት ያ ቤት ሳይሸጥ ልድረስበት ብዬ ነው። ስሙ አሌክሳንደር ቤን ነው፤ የዚያው አገር ልጅ፣ በ1843 ምስልን በሽቦ ለመላክ ፈቃድ ያወጣ፣ የፋክስ አባት። አየር ማረፊያ ውስጥ ያሉት ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው፤ አብዛኞቹ ከፍተሻው ወዲያ ስለሆኑ ያለ በረራ ትኬት አይደረስባቸውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2023 መጨረሻ ጋትዊክ መብረር ሲጀምር ወደ አገር ቤት ስሄድ የጋትዊኩን አገኘሁ።

የቀጣዩ ትኬት ተቆርጧል፤ ከለንደኑ ፓዲንግተን ጣቢያ በባቡር አምስት ሰዓት ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ፔንዛንስ። የዚያ ፐብ ስም ትረመንሂር ነው። ሲሞር ትረመንሂር የ1842ቱ ሕግ ሴቶችንና ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ልጆችን ከማዕድን ጉድጓድ ሲያስወጣ መፈጸሙን እንዲከታተል የተሾመ ሰው ነበር። ስለሱ ግድግዳው ላይ ምን እንደጻፉ ማንበብ እፈልጋለሁ።